ከ«ኦርካ» እስከ «ኢትዮጵያ»፦ የአንዲት የጦር መርከብ ታሪክ በመዝገብ ሲጣራ

ምፅዋ ላይ የተነሣ አንድ የታወቀ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ። አንዲት ግራጫ መርከብ መልሕቋን ጥላ ቆማለች፤ በአፍንጫዋ ጎን «ኤ 01» የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ከፊቷ አንድ ባለ 5 ኢንች መድፍ፣ ከመካከሏ አንድ ጭስ ማውጫ ይታያል። ይህች መርከብ «ኢትዮጵያ» ናት፤ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና ያገለገለች። ስለ እርሷ የሚነገረው ግን እርስ በርሱ አይስማማም። አንዱ አሜሪካ በስጦታ ሰጠችን ይላል፤ ሌላው ተገዝታ መጣች ይላል፤ የመጣችበት ዓመት አንዴ 1954 ሌላ ጊዜ 1962 ተብሎ ይጻፋል፤ መጨረሻዋንም ጅቡቲ ላይ በሐራጅ ከተሸጡት መርከቦች ጋር የሚደምሩት አሉ። የዚህ ጥናት ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በመርከብ መዝገቦች፣ በባሕር ኃይል ሰነዶችና በዳታቤዞች አማካይነት አንድ በአንድ ማጣራት ነው፤ መንገዱንም ጭምር አሳያለሁ፣ ምክንያቱም የሌላ መርከብ ታሪክ ለመፈለግ የሚነሣ ሰው የሚያጋጥመው እንቅፋት ከዚህ ብዙም አይለይም።

ፍለጋው በስም ከተጀመረ ወዲያው ይሳሳታል። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በመርከብ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ ሰው በመጀመሪያ ከሚያገኛቸው አንዷ እ.ኤ.አ. በ1873 ግላስጎው ውስጥ ለአንከር ላይን ኩባንያ የተሠራች፣ 4,005 ቶን የተመዘገበባት፣ ስደተኞችን ከስኮትላንድ ወደ ኒው ዮርክ ታመላልስ የነበረች የእንፋሎት መርከብ ናት። ከእኛዋ ጋር ከስም በቀር አንድም ነገር አይጋሩም። ወደ ኋላ ተመልሶ «ኦርካ» በሚለው የቀድሞ ስሟ የሚፈልጋት ደግሞ ቤልፋስት ላይ የተሠራችውንና እ.ኤ.አ. በ1927 ስሟ ተለውጦ «ካልጋሪክ» የተባለችውን የእንግሊዝ መንገደኛ መርከብ ያገኛል። ስም ለመርከብ እንደ ልብስ ነው፤ ባለቤት ሲለወጥ ይለወጣል፣ ለሌላም ይሰጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከስም የጸና መለያ መፈለግ ነው።

ለንግድ መርከብ ቢሆን ኖሮ ይህ መለያ የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር በሆነ ነበር። ይህ ቁጥር መርከቧ ስምም ሰንደቅም ብትለውጥ አብሯት የሚኖር ነው። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን ግዴታ የሆነው በ1996 ነው፤ የጦር መርከቦችንም አይመለከትም። የዛሬዎቹ ታላላቅ የንግድ መርከብ ዳታቤዞች የተገነቡት በዚያ ቁጥር ላይ በመሆኑ የእኛዋን መርከብ በእነርሱ ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ከ1764 ጀምሮ የሚታተመው የሎይድስ መዝገብም ቢሆን ዋና ጉዳዩ የንግድ መርከብ ነው። አንድ ሌላ ልዩነት ደግሞ መታወቅ አለበት፦ በንግድ መዝገብ ውስጥ «ቶን» ሲባል በአብዛኛው የመርከቧ ውስጠኛ ይዘት ሲለካ ነው፤ በጦር መርከብ መዝገብ ግን መርከቧ የምትገፋው ውሃ ክብደት ነው። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ወደ ስሕተት ይወስዳል።

ለጦር መርከብ ያለው የጸና መለያ ባለቤቱ ባሕር ኃይል የሰጣት ቁጥር ነው። «ኤ 01» ግን ኢትዮጵያ የሰጠቻት ቁጥር ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን አያሳይም። ድልድዩ የሚገኘው በየዓመቱ በሚታተሙት የዓለም የጦር መርከቦች ማውጫዎች ውስጥ ነው፤ በኢትዮጵያ ስር ያለው መግለጫ መርከቧ ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» እንደነበረችና ቁጥሯም «ኤቪፒ 49» እንደሆነ ይጠቅሳል፤ «ኤቪፒ» የባሕር አውሮፕላኖችን የሚንከባከቡ አነስተኛ መርከቦች ምልክት ነው። ከዚህ በኋላ ፍለጋው መልክ ይይዛል፤ የመርከቧ ሁለት ስሞች በአንድ ቁጥር ስለታሰሩ ወደ አሜሪካ መዝገቦች በልበ ሙሉነት መግባት ይቻላል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የራሱን መርከቦች ታሪክ በመዝገበ ቃላት መልክ አሳትሟል፤ የ«ኦርካ»ም ታሪክ በዚያ ውስጥ ይገኛል። እንደ መዝገቡ አሠራሯ የተጀመረው በዋሽንግተን ግዛት፣ በሃውተን ከተማ፣ በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ሥራ ቦታ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1942 ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 4 ቀን ወደ ውሃ ወረደች። አገልግሎት የጀመረችው ግን ጥር 23 ቀን 1944 ነው። እንግዲህ አንዱ ጽሑፍ «በ1942 የተሠራች»፣ ሌላው «በ1944 የተሠራች» ሲል ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ አንደኛው ውሃ የነካችበትን፣ ሁለተኛው ሰንደቅ የተሰቀለባትን ቀን ነው የሚናገሩት። በመካከል ያለው ከ15 ወር በላይ የሆነ ጊዜ ባዶ አልነበረም፤ የመርከብ አካል ወደ ውሃ ከወረደ በኋላ ሞተሩ፣ መድፉ፣ የመገናኛው መሣሪያና የሰው መኖሪያው የሚሟላው በዚያ ጊዜ ነው።

የቦታው ስምም ፈላጊን ያስቸግራል። ሃውተን ዛሬ በካርታ ላይ ራሱን የቻለ ከተማ ሆኖ አይገኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከከርክላንድ ከተማ ጋር ተጠቃሏል። ለውቅያኖስ የታሰበች መርከብ በሐይቅ ዳር መሠራቷ እንግዳ ቢመስልም ሐይቁ ሲያትልን አቋርጦ በሚያልፍ ቦይ ከባሕር ጋር የተገናኘ ነው። ስሟም ብዙዎች እንደሚያስቡት ከዓሣ ነባሪው የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለዚህ ዓይነት መርከቦች የሰጠው የባሕረ ሰላጤዎችንና የወሽመጦችን ስም ነበር፤ «ኦርካ»ም አላስካ ውስጥ ያለ ወሽመጥ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም የስም አወጣጥን ደንብ ማወቅ መርከቧ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነች ቶሎ ያሳያል።

ቤተሰቡ የባርኔጋት ክፍል ይባላል። በጠቅላላው 35 መርከቦች ተሠርተዋል፤ አብዛኞቹ ሥራቸው በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ፣ ማለትም ነዳጅና ጥይት መስጠት፣ የበረራ ሠራተኞችን ማሳደር፣ የተበላሸውን መጠገን ነበር። ርዝመታቸው 95 ሜትር፣ ወርዳቸው 12 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን የሚነዱት በናፍጣ ሞተር ነው፤ ፍጥነታቸው ከ18 ኖት (በሰዓት 18 የባሕር ማይል) ትንሽ ከፍ ይላል። ክብደታቸው በአንዱ ሰነድ 1,766 ቶን፣ በሌላው 2,750 ቶን ተብሎ ይገኛል። ይህንን ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ መርከቦች ሊመስሉት ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ባዶዋን፣ ሁለተኛው ጭነቷን ሞልታ ሲሆን የሚመዘገብ ነው።

እህትማማቾቹን ማወቅ ለሌላም ጉዳይ ይጠቅማል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ለሌሎች አገሮች ተላልፈዋል። ጣሊያን አንዷን ተቀብላ «ፒየትሮ ካቬዛሌ» አለቻት። ኖርዌይም እ.ኤ.አ. በ1958 አንዷን ወስዳ «ሆኮን ሰባተኛ» በሚል ስም የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገቻት። የኖርዌይዋ ጉዳይ ለእኛ በተለይ አሳሳቢ ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል ለማቋቋም የረዱት የኖርዌይ መኮንኖች ናቸው፤ ያው አገር በዚያው ዘመን ያችኑ ዓይነት መርከብ ለዚያው ዓይነት ሥራ ታሰማራ ነበር። ስለዚህ ከኖርዌይ በኩል የሚወጣ አሮጌ ፎቶግራፍ ሲገኝ መልኳን ብቻ አይቶ «ይህቺ ኢትዮጵያ ናት» ማለት አይገባም። የጎን ቁጥሩ መነበብ አለበት፤ ቁጥሩ ካልታየ ሰንደቁ፣ ሰንደቁም ካልለየ ከበስተጀርባ ያለው ወደብ መመርመር አለበት። የአንድ ክፍል መርከቦች በሩቅ ሲታዩ እንደ መንታ ናቸው፤ የሚለዩት በኋላ በተጨመሩና በተቀነሱ ነገሮች ነው፤ መድፉ፣ ምሰሶው፣ አውሮፕላን ለማንሣት ከኋላ የነበረው ክሬን መኖር አለመኖሩ።

የአሜሪካ ዘመኗን በቅርብ ለማየት ከማጠቃለያው አልፎ ወደ ሎግ ቡኳ፣ ማለትም በመርከቧ ላይ በየዕለቱ ወደሚጻፈው መዝገብ፣ መሄድ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የጦር መርከቦች የዚያ ዘመን ሎግ ቡክ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በሜሪላንድ ግዛት ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ይጠበቃል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ማስታወሻዎችም በዲጂታል መልክ ተዘጋጅተዋል። አንዱን ገጽ ለሚከፍተው ሰው መልኩ የተወሰነ ነው። ቀኑ በዘብ ፈረቃ ተከፍሏል፤ እንደ አውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት እስከ 4 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 8፣ ከ8 እስከ 12 እያለ ይወርዳል፤ ከቀትር በኋላ ያለው አንዱ ፈረቃ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። በእያንዳንዱ ፈረቃ ሥር መርከቧ ወደየት እንደምትጓዝ፣ በምን ፍጥነት፣ መቼ አቅጣጫ እንደለወጠች፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቀጣ፣ ስንት ነዳጅ እንደገባ ተጽፎ ዘቡን የያዘው መኮንን ይፈርማል። ወደብ ላይ ስትሆን ደግሞ በቀኑ መጀመሪያ የታሰረችበት ቦታ ይገለጽና በአካባቢው የቆሙ ሌሎች መርከቦች ይጠቀሳሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር ኋላ እንደማሳየው ለኢትዮጵያ ዘመኗ ትልቅ ጥቅም አለው።

በእነዚህ መዛግብት መሠረት «ኦርካ» በ1944 ወደ ደቡብ ምዕራብ ፓሲፊክ ሄዳ በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ዘመቻዎች አገልግላለች፤ በፊሊፒንስ ውሃ ሳለችም የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን ለጥቂት ስቷታል። በ1946 በቢኪኒ ደሴቶች በተደረገው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ላይ በድጋፍ ሰጪነት ተሳትፋለች። ጥቅምት 31 ቀን 1947 ከአገልግሎት ወጣች፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 1951 እንደገና ገባች፤ በመጋቢት 1960 ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች። እነዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በሁለቱ የአገልግሎት ጊዜያት መካከል ሎግ ቡክ የለም፤ መርከቧ አልጠፋችም፣ በተጠባባቂነት ተቀምጣ ነበር እንጂ። ሎግ የሚጻፈው ሰንደቅ በተሰቀለባት መርከብ ላይ ብቻ መሆኑን ያላወቀ ተመራማሪ አራት ዓመት ሙሉ የጠፋ ሰነድ ሲፈልግ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን፦ ወደ እኛ የመጣችው መቼና በምን ሁኔታ ነው? የአሜሪካው መዝገብ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፤ በጥር 1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተላለፈች። ጥር 1962 እንደ አውሮፓ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1954 ዓ.ም. ይሆናል። «1954» እና «1962» እየተባለ የሚፈጠረው ክርክር እንግዲህ ክርክር አይደለም፤ አንድ ቀን በሁለት አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። «1944» የሚል ቁጥር ብቻውን ቢገኝ እንደ አውሮፓ ከተነበበ መርከቧ መጀመሪያ አገልግሎት የገባችበት ዓመት ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ ከተነበበ ደግሞ ታኅሣሥ 5 ቀን 1944 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ የገባችበት ዕለት ይሆናል። ሁለቱም ስለ አገልግሎት መጀመር የሚናገሩ እውነተኛ ቀኖች ስለሆኑ ስሕተቱ ራሱን አያጋልጥም። ስለዚህ የእኛን አገር መርከብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያሳይ ማለፍ የለበትም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

«ውሰት» የሚለው ቃልም ክብደት አለው። በውሰት የተሰጠች መርከብ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ተሰቅሎባት፣ የኢትዮጵያ ባሕረኞች ተሳፍረውባት፣ «የግርማዊነታቸው የኢትዮጵያ መርከብ» እየተባለች ስታገለግል ባለቤትነቷ ግን በአሜሪካ ባሕር ኃይል እጅ ነበር። በሽያጭ ሙሉ በሙሉ የተላለፈችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። «ስጦታ» የሚሉትም «ግዢ» የሚሉትም ወገኖች የየራሳቸውን ቁራጭ ይዘዋል፤ ሁለቱን የሚያስታርቀው በመካከላቸው ያለውን የ14 ዓመት ልዩነት ማስተዋል ነው። የሽያጩ ጊዜም በአጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗል፤ የደርግና የአሜሪካ ወታደራዊ ግንኙነት የተቋረጠው ደግሞ በተከታዩ በ1977 ነው። በውሰት ላይ እንዳለች እዚያ ደርሳ ቢሆን ኖሮ የባለቤትነት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ምንጮች ብዛት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህች መርከብ የሚጽፉ ብዙ ዳታቤዞች አሉ፤ ሁሉም የሚሉት ግን ተመሳሳይ ነው፣ አንዳንዴም ቃል በቃል። ይህ ማረጋገጫ ይመስላል፤ አይደለም። አብዛኞቹ የቀዱት ከአንዱ ከባሕር ኃይሉ መዝገበ ቃላት ነው። የ«ኦርካ»ን ታሪክ የያዘው ቅጽ የታተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለሆነ ትረካው የሚያበቃው መርከቧ በኢትዮጵያ አገልግሎት ላይ ሳለች ነው። ከ1970 በኋላ ያለውን የሚናገር ማንኛውም ዳታቤዝ ያንን ከሌላ ቦታ አምጥቶታል ማለት ነው፤ ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ይገባል። አሥር ምስክር የመሰለው አንድ ምስክር ሆኖ ሲገኝ የተመራማሪው ሥራ ሁለተኛውን ምስክር መፈለግ ነው።

የሚያሳዝነኝም እዚህ ላይ ነው። ይህች መርከብ በአሜሪካ ሰንደቅ ስር በአገልግሎት ላይ የቆየችው በሁለቱ ጊዜያት ተደምሮ 12 ዓመት ያህል ነው። በኢትዮጵያ ሰንደቅ ስር ግን ከ1962 እስከ 1991 ድረስ 29 ዓመት ኖራለች። ሆኖም አሥራ ሁለቱ ዓመት ፈረቃ በፈረቃ ሲነበብ ሃያ ዘጠኙ በዳታቤዞቹ ውስጥ ከሁለት መስመር አይበልጥም። የዕድሜዋ ትልቁ ክፍል፣ በመርከቧ ላይ የሠለጠኑት የኢትዮጵያ መኮንኖችና ባሕረኞች ዘመን፣ በዓለም መዝገብ ውስጥ እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት የምመክረው መንገድ የጎረቤትን ሎግ መፈተሽ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በንጉሡ ዘመን በየዓመቱ በጥር አካባቢ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ያከብር ነበር፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ይመጡ ነበር። ከላይ እንደገለጽኩት ወደብ ላይ የቆመች የአሜሪካ የጦር መርከብ በሎጓ አብረዋት የቆሙትን ትጠቅሳለች። ስለዚህ ለበዓሉ የመጣች አንዲት የአሜሪካ መርከብ ስም ከታወቀ የጥር ወር ገጿን ከፍቶ «ኢትዮጵያ» በዚያ ዕለት ምፅዋ ላይ እንደነበረች ማረጋገጥ ይቻላል፤ የሌሎቹ አገሮች ቤተ መዛግብትም ለዚሁ ይጠቅማሉ። በዚያው ሳምንት የወጡት የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዕትሞች ደግሞ ሌላው ምስክር ናቸው፤ እነዚህ በእርግጥ ነፃ የሆኑ ሁለት ምንጮች ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አልቀዳምና። ዓመታዊ የጦር መርከብ ማውጫዎችም ቢሆኑ ሊታዩ ይገባል፤ ነገር ግን አንድ መግለጫ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሊደገም ስለሚችል መርከቧ በማውጫው ውስጥ መገኘቷ በዚያ ዓመት ለጉዞ ብቁ እንደነበረች አያረጋግጥም።

የመጨረሻው ምዕራፍ አጭር ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ ተያዘች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በባሕር ላይ የቀሩት የባሕር ኃይሉ መርከቦች አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ «ኢትዮጵያ»ም ወደ የመን ሸሸች። ያኔ ወደ ውሃ ከወረደች ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው የመን ለብረት ቁርጥራጭ ተሸጠች። ከባሕር ኃይሉ የተረፉት ሌሎች መርከቦች በየመን ቆይተው ወደ ጅቡቲ ተሻግረው እዚያ በሐራጅ የተሸጡት በ1996 ነው። ሁለቱ ክስተቶች በሦስት ዓመት ይራራቃሉ፤ «ኢትዮጵያ»ን ከጅቡቲው ሐራጅ ጋር የሚደምረው ትረካ እዚህ ላይ ይወድቃል። ለቁርጥራጭ የተሸጠችበት ቀን መርከቧ በእርግጥ ከተቆራረጠችበት ቀን ጋር አንድ እንዳልሆነም ልብ ማለት ያሻል፤ በመርከብ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው።

በምፅዋው ፎቶግራፍ ስር እንግዲህ የሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦ «ኢትዮጵያ»፣ የጎን ቁጥር ኤ 01፤ የቀድሞዋ የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ»፣ ኤቪፒ 49፤ ሃውተን ላይ ሐምሌ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. መሠራት ተጀመረች፤ መስከረም 24 ቀን 1935 ዓ.ም. ወደ ውሃ ወረደች፤ ጥር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረች፤ በ1954 ዓ.ም. በውሰት ወደ ኢትዮጵያ መጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በሽያጭ የኢትዮጵያ ሆነች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ተሸጠች። ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀን በጀርባው ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ መመዝገብ ያለበት እርሱ ነው፤ ከሃያ ዘጠኙ ዓመት ውስጥ አንዱን ዕለት ይሞላልና።